ሚጥሚጣ የገፋችው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ የአህያን እርግጫ በወሬ ብቻ በሚያውቅበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ሜዳ ላይ ሦስት ልጆች ያሏት አህያ ትኖር ነበር። የበኩር ልጇ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ጉልበቱ ከሐሳቡ የሚቀድም ጎረምሳ ነው። ተከታይዋ ሸጌ ናት፤ እሷ ደግሞ ሣር እንኳ ሳትጠይቅ አትነጭም። የመጨረሻዋ ውርንጭላ ቁመቷ ከእናቷ ጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ግን በተወለደች በሦስተኛው ቀን አንዲት ንብ እስከ ቀፎዋ ድረስ አባርራ ስለሄደች ሚጥሚጣ የሚል ስም ወጣላት።

በዚያ አካባቢ ለአህያ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረም። የዝንጀሮዎቹ ትምህርት ቤት ገደል ላይ ነው፤ የዳክዬዎቹ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ እናት አህያ ልጆቿን እዚያው ቤታቸው ራሷ ልታስተምር ቆረጠች። ለቦራ እርግጫ፣ ለሸጌ መልካሙን ሣር ከመርዘኛው መለየት፣ ለሚጥሚጣ ደግሞ ማናፋት።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳለፈ ባልነግራችሁ ይሻል ነበር፤ ግን እነግራችኋለሁ። ለሸጌ ትምህርት ተብሎ በየዓይነቱ የተደረደረውን ሣር ቦራ በላው። ሸጌ ስለ አንዲት ቅጠል አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቃ አሥራ ሁለተኛውን ጀመረች። ሚጥሚጣ ማናፋትን ወዲያው ቻለችበት፤ ማቆምን ግን አልቻለችበትም፤ እናትየው የራሷን ድምፅ እንኳ መስማት ተሳናት። ቦራ በበኩሉ ኩይሳ ለመርገጥ ወደ ኋላ ሲወነጨፍ የእናቱን ጅራት አገኘ። ፀሐይ ስትጠልቅ የተማረ ማንም አልነበረም፤ የደከመች እናት ግን ነበረች።

በማግስቱ ወደ ቀበሮ ሄደች። ቀበሮ በአገሩ ሁሉ አዋቂ የተባለ ነው፤ አዋቂነቱን መጀመሪያ ያወራው ራሱ መሆኑን ግን ማንም አላስታወሰም። ችግሯን ሁሉ ዘርዝራ ነገረችው። ቀበሮ ዓይኑን ከድኖ ሰማትና ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛዋ ትንሽ እንደሆነች፣ ትንሿ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች በጥንቃቄ ጠየቃት።

«እመት አህያ፣ የጎደለሽ የጊዜ ሰሌዳ ነው» አለ በመጨረሻ።

ሜዳው መካከል አንድ ረጅም የደረቀ ግንድ ቆሟል። ቀበሮ መጥቶ የግንዱን ጥላ ተከትሎ ሦስት ድንጋዮች አስቀመጠ። ጠዋት ጥላው ነጩን ድንጋይ ሲነካ የቦራ እርግጫ ይጀመራል፤ ያኔ ሁለቱ እህቶች ግራር ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስና ጥላው አጥሮ ከግንዱ ሥር ያለው ቀይ ድንጋይ ላይ ሲገባ፣ እናት ሸጌን ይዛ ሣር ልታስተምር ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ቦራ ጉብታው ላይ ወጥቶ ያርፋል። ሚጥሚጣ ግን ቦራ ሲረግጠው ያረፈደው ኩይሳ አጠገብ ብቻዋን ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የዝምታ ትምህርት ትማራለች። ማታ ጥላው ጥቁሩን ድንጋይ ሲነካ የሚጥሚጣ ማናፋት ይሆናል።

እናት አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ትንሿ ብቻዋን መሆኗ እንዳላማራት በትሕትና ተናገረች።

«ትኩረት ይባላል» አለ ቀበሮ፣ እንደማዘን ብሎ። «የተማሩ እናቶች ይህን አይጠይቁም።»

ያልተማረች እንዳትባል ፈራች። ሆዷ እምቢ እያለ አፏ አመሰገነ። ወይ እናት! ስንቱን ልጅ ያስተማረ ይመስል ቀበሮን ስለ ልጆቿ ከራሷ በላይ አመነችው። ቀበሮ ልጅ ቢኖረው እንኳ አንድ ነገር ነበር።

ቀበሮ ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ ጅብ ዋሻ ነው። ጅብ ተኝቶ በሕልሙ ሲያላምጥ አገኘውና ቀስቅሶ የጊዜ ሰሌዳውን አስረዳው። ጅብ ሰሌዳውን አልተረዳም፤ «ውርንጭላ» የምትለውን ቃል ግን ተረዳ።

«ችግሩ እኔ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ» አለ።

«ሌሊት ሦስቱም እናታቸው ሆድ ሥር ናቸው። ፀሐይ አናትህ ላይ ስትሆን ግን ትንሿ ከኩይሳው አጠገብ ብቻዋን ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ከኩይሳው ጀርባ ብቅ ማለት ነው። ምንም ማሰብ አያስፈልግህም።»

«እሱ ይስማማኛል» አለ ጅብ። ማሰብ ሁልጊዜ ያስርበው ነበር።

ጉበቷ የቀበሮ፣ የቀረው የጅብ እንዲሆን ተስማሙ። ቀበሮ ግን ሰሌዳው ለአህዮቹ ልማድ እስኪሆን አሥር ቀን መታገስ እንደሚያስፈልግ አጥብቆ ነገረው። ጅብ መቁጠር ስለማይሆንለት አሥር አጥንት ሰጠው፤ በየቀኑ አንድ አጥንት ሊበላና ሲያልቅ ሊነሳ። ጅብ አሥሩንም በዚያው ምሽት በልቶ ሲነጋ እየተንጠባረረ ወደ ሜዳው ሲገሰግስ ቀበሮ መንገድ ላይ አገኘው። ሰድቦ መለሰው፤ አዲስ አጥንት ግን አልሰጠውም። ከዚያ በኋላ ቀበሮ ማታ ማታ እየሄደ «ዛሬም አይደለም» ይለዋል፤ ጅብ ጦሙን ያድራል።

ሜዳው ላይ ትምህርት ቀጥሏል። ለሚጥሚጣ ኩይሳው ሥር ዓይኗን ጨፍና መቆም መጀመሪያ ላይ ሞቷ ነበር። ኋላ ግን ጆሮዋ ሥራ አገኘ። ምስጦች ኩይሳው ውስጥ ሲሄዱ፣ እንሽላሊት ጭራዋን ስትጎትት፣ ጢንዚዛ ኳሷን ስታንከባልል፣ ሁሉንም ሳታይ ለየቻቸው። ቢሆንም ልቧ ያለው እርግጫው ላይ ነው። ግራር ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ አንገቷ እየዞረ አስቸገራት። ደግሞ ሁልጊዜ ነገሩ መጣፈጥ ሲጀምር ጥላው ቀዩ ድንጋይ ላይ ይገባና ያልቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ማንም ሳያያት፣ አፍንጫዋን ቀዩ ድንጋይ ላይ አድርጋ ከግንዱ ወዲያ፣ ወደ ምሥራቅ በኩል አንድ ስንዝር ገፋችው። በማግስቱ ሌላ ስንዝር ጨመረች። በአምስተኛው ቀን ሸጌ ደረሰችባትና ለምን እንደምትገፋው ጠየቀቻት።

«ቦራ እንዳይጨርስ» አለች ሚጥሚጣ።

ሸጌ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መልስ ረካች፤ እሷም አፍንጫዋን ጨምራ ገፋች። ሁለት አፍንጫ ሲሆን ድንጋዩ በስንዝር ሳይሆን በእርምጃ ሄደ።

የእርግጫው ትምህርት ረዘመ። ቀትር አለፈ፣ ጥላው ድንጋዩ ጋ አልደረሰም። እናት አህያ ግራ ቢገባትም ሰሌዳ ሰሌዳ ነው፤ ጥላው ድንጋዩን ሳይነካ ትምህርት ማቆም የተማረች እናት ሥራ አይደለም። የቦራ እግሮች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በስምንተኛው ቀን ምላሱን አውጥቶ «እማ፣ ጥላው ሞተ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። አዘነችለትና እሱ ትንፋሽ እስኪሰበስብ ሸጌ በተራዋ እንድትረግጥ ፈቀደች። ሸጌ ከረገጠች ደግሞ ሚጥሚጣን ማን ያስቀምጣታል? እሷማ ተራዋ ሲደርስ እንደ ለመደችው ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትረግጠው፤ እናትየው ዓይንሽን ግለጪ ብትላት በጆሮዬ ይበልጥ ይታየኛል አለች።

አሥረኛው ቀን ደረሰ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ዘጠኝ ቀን የጦመው ጅብ በሆዱ እየተሳበ፣ ብርሃኑ እያጥበረበረው፣ ከኩይሳው ጀርባ ደረሰና ብቅ አለ። እውነትም አንዲት ሚጢጢ አህያ ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። ቀበሮን በልቡ መረቀው። ከኩይሳው ወዲህ ተራቸውን የሚጠብቁትን አላየም፤ ጅብ ሲያይ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሚጥሚጣ አንድ ድምፅ ሰማች። ምስጥ አይደለም። እንሽላሊትም ጢንዚዛም አይደለም። ጉርርር የሚል፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት ነው።

«እማ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ቀስ ብላ። «ኩይሳው ራበው።»

እናት አህያ ቀና አለችና የጅቡን ጥርሶች አየች። እሷ ከልጇ አሥር እርምጃ ርቃለች፤ ጅቡ አንድ እርምጃ ነው። ሮጣ እንደማትደርስ ገባት። የቀበሮ ጥያቄዎች፣ «ትኩረት» ያላት ነገር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት፤ የዚያን ቀን ሆዷን አለመስማቷ አንገበገባት። አሁን የቀራት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ርገጪ!»

ሚጥሚጣ ድምፁ የመጣበትን በጆሮዋ ለካችና ረገጠች። አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም ይባላል፤ ለጅብ ሲሆን ግን ሁለት የፊት ጥርስ ወለቀ። ጅብ ምን እንደሆነ ለመረዳት አፉን ሲከፍት ሸጌ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ አገጩን መልሳ ዘጋችለት። ቀጥሎ ቦራ መጣ። ስለ ቦራ ብዙ አልናገርም፤ አሥር ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ኋላም ከቀትር በላይ ሲያጠና የነበረ ተማሪ ነው። ጅብ ኩይሳውን ይዞት ወደቀ። እናት ስትደርስ የተረፋት ጅራቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም አልማረችውም።

ጅብ እስኪይዝ ያነክሳል የሚለው ተረት እናንተም ታውቁታላችሁ። ይህኛው ግን ምንም ሳይዝ፣ የእውነቱን እያነከሰ፣ ቀበሮ ጉበቱን ሊቀበል ወደተቀመጠበት ቁጥቋጦ ደረሰ። ቀበሮ መልኩን ሲያይ ሳቁ አመለጠው። ጅብ አለመሳቁን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና ሰሌዳው ምንም ስህተት እንደሌለው ያስረዳው ጀመር።

ጅብ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ሁለት ጥርስ በጎደለው አፉ፣ ምናልባት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አሰበ።

«ፀሐይ አሁንም አናቴ ላይ ናት» አለ። «የምሳ ሰዓቴ አላለፈም።»

ቀበሮ እንዲያ ሲሮጥ ያየው የለም። ሁለቱ ሦስት ኮረብታ አቋርጠው እንደሄዱ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግረን አላገኘንም።

ሜዳው ጸጥ ሲል እናት አህያ ልጆቿን አንድ በአንድ አሸተተቻቸው፤ ሚጥሚጣን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቀትር ላይ ሦስቱም ኩይሳው ጋ የተገኙበትን ነገር ማሰብ ጀመረች፤ በሰሌዳው መሠረት ሚጥሚጣ በዚያ ሰዓት ብቻዋን መሆን ነበረባት። ወደ ግንዱ ሄደች። ቀዩ ድንጋይ ከቦታው ርቆ፣ በኋላው አቧራው ላይ ረጅም መስመር ትቶ ተቀምጧል።

ማን እንደገፋው ጠየቀች። ቦራ እውነትም አያውቅም። ሸጌ ሰማዩን አየች። ሚጥሚጣ ግን አፍንጫዋ በቀይ አፈር ተለውሶ ስለነበር እናትየው መልስ አላስፈለጋትም።

እናት ልትቆጣ ፈለገች፤ አልሆነላትም። እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ለቅሶው መሐል ሳቅ ገባበትና አናፋች፤ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ገደል ላይ ትምህርታቸውን አቋርጠው ተመለከቱ።

«ወደ ቦታው ልመልሰው እማ?» አለች ሚጥሚጣ፣ ጆሮዋን ጥላ።

«ተዪው» አለች እናቷ። «ቦታው እሱ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦራ ለሸጌ እርግጫ ያሳያል፤ ሸጌ የሣሩን ዓይነት ለሚጥሚጣ ትነግራለች፤ በጥያቄ መልክም ቢሆን ትነግራለች። ቀትር ላይ ደግሞ አራቱም ከወደቀው ኩይሳ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የዚያ ሰዓት አስተማሪ ሚጥሚጣ ናት፤ ከሁሉም የምትቆጣው እናቷን ነው፣ ዓይኗን እየገለጠች ልጆቿን ትቆጥራለችና።

ከዚህ የምንማረው፣ የልጆችን ውሎ ማቀድ ያለበት ልጆቹን የሚወዳቸው እንጂ የሚጎመጅባቸው አለመሆኑን፣ የአንድ ቤት ልጆችም ታላቅ ታናሽ ሳይሉ አንዱ ከሌላው ሲማሩ እንደሚጠነክሩ ነው።