ጠርዙ የጎደለ ብስኩት

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ላሟን ለጊዜው ተዉአት፤ ዛሬ የምፈልገው ቅቤዋን ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ በሩን ግፊው፣ ብርድ ገባ።

በድሮ ዘመን ዋርካ ሜዳ በምትባል የገበያ ከተማ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ነበሩ። ባለሙያ የምላቸው ራሳቸው እንደዚያ ስለሚሉ ነው። አንደኛዋ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ ውባለም የምትባል ልጅ ነበረቻት። ሁለተኛዋ እመት የውብዳር ትባላለች፤ ተስፉ የሚባል ልጅ ነበራት። በማኅበር ቀን ሁለቱም የቅቤ ብስኩት ይዘው ይመጣሉ። ዱቄቱ በቅቤና በስኳር ብቻ የተያዘ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ሟሙቶ የሚጠፋ ብስኩት ነው። ሰውም ይበላና ይመርቃል። ከዚያም አስካለ፦ «የልጄ የውባለም እጅ ነው» ትላለች። የውብዳር ደግሞ፦ «እኔማ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ ነው የጋገርኩት» ትላለች።

ሁለቱም ይዋሻሉ።

በከተማዋ አንድ ዳቦ ቤት ነበረ። ባለቤቱ አያ ድንቁ የሚባል ሽማግሌ ነው። አያ ድንቁ ብስኩቱን የሚቆርጠው በጣሳ ነው። አንድ ቀን ጣሳው ከእጁ ወደቀና ጠርዙ ወደ ውስጥ ጎበጠ። እሱም ሌላ ጣሳ ከመፈለግ በዚያው ቀጠለ። ከዚያም ወዲህ የአያ ድንቁ ብስኩት ሁሉ አይጥ የቀመሰችው ይመስል ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎደሎ አለው። የማን ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ አስካለ ብስኩቱን ዙሪያውን በቢላ ትከረክመዋለች። የእሷ ብስኩት ሁልጊዜ ትንሽ ነው። የውብዳር ደግሞ ልክ በጎደሎው በኩል ከሁለት ትገምሰዋለች። ለምን ሲሏት፦ «ሙሉውን መብላት ለሆድ አይስማማም» ትላለች። አንዷ የሌላዋን ጉድ አታውቅም። እያንዳንዷ ያቺኛዋ እውነተኛ ባለሙያ ትመስላታለች። በዚህም ሁለቱም ይናደዳሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አስካለ ልጇን ሙዳይ አስይዛ ወደ ዳቦ ቤቱ ትልካታለች።

«በነጠላሽ ሸፍኚው። የት ነው ቢሉሽ ጨው ልገዛ ነው በዪ» ትላታለች።

የውብዳርም ልጇን አገልግል አስይዛ ትልከዋለች።

«በጓሮ ዙር» ትለዋለች።

ሁለቱ ልጆች ዳቦ ቤቱ በር ላይ ይገናኛሉ። አያ ድንቁ ትሪውን ከምድጃው ሲስብ የቅቤው ሽታ ቀድሞት ይወጣል። ትኩሱ ስለሚፈረፈር እስኪበርድ አይነካም። ስለዚህ መጠበቅ ነው። የውጭው ግድግዳ የምድጃው ጀርባ ነውና ይሞቃል። ሥሩ አግዳሚ አለ። ልጆቹ እዚያ ላይ ይቀመጡና ጀርባቸውን ያሞቃሉ። ብስኩቱ ሲበርድ አያ ድንቁ ከተሰበረው አንድ አንድ ያቀምሳቸዋል። ቶሎ እንዳያልቅ ከዳር ከዳሩ ይበላሉ። ምን እንደሚያወሩ አልነግራችሁም፤ እኔም አልነበርኩም። ብቻ ሁለት ዓመት አወሩ።

ከዚያም ተስፉ እናቱን፦ «እማዬ፣ የወይዘሮ አስካለን ልጅ አጋቢኝ። ሌላ አልፈልግም» አላት።

የውብዳር አሰበች። የምትጋግር ምራት ቤቷ ከገባች የጓሮው መንገድ ቀረላት። ግን ቶሎ እሺ ማለት ደግሞ አልሆነላትም። ስለዚህ ሽማግሌ ላከችና፦ «ልጅቷን ወደናታል። ሙያዋን ግን በዓይኔ ልይ። ሐሙስ መጥቼ ብስኩቱን ከሊጡ ጀምሮ ስትጋግር አያለሁ። ከቻለች ሠርጉ ጥር ላይ ይሁን። ካልቻለች ለተስፉ ያሰብኳት ሌላ ልጅ አለች» አለች።

አስካለ፦ «በደስታ» አለች። ሽማግሌው ሲወጣ ግን በሩን ዘጋችና ልጇን ጠራች።

ውባለም፦ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪያቸው» አለቻት።

«እውነቱን ተናግሬ በየትኛው ፊቴ ማኅበር እገባለሁ?»

«እኔስ ተስፉን ልጣ?»

«አታጪውም። ነይ፣ ዱቄት አምጪ። ብስኩት ምን ይከብዳል?»

ማክሰኞ ዕለት ነው። አስካለ ቤት ያለው ቅቤ የወጥ ቅቤ ነው፤ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ። እሱን ጨመረች። ሊጡንም እንደ ድፎ ዳቦ በጡጫ ደቆሰችው። ከዚያም ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም አደረገችበት። ትንሽ ቆየና ጎረቤቷ በአጥር በኩል፦ «አስካለ፣ ማን መጥቶብሽ ነው ዶሮ የምትሠሪው?» አለቻት። ብስኩቱ ወጣ። ሽታው የወጥ ነው፣ ጥንካሬው የወፍጮ መጅ ነው። አስካለ በአንድ ጎን ጥርሷ ሞከረችውና፦ «ጨው አንሶታል» አለች።

ውባለም የተረፈውን ዱቄት ሰብስባ አስቀመጠች።

በነጋታው ብቻዋን አያ ድንቁ ዘንድ ሄደች። ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

አያ ድንቁም፦ «ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ሆነሽ ስሠራ አይተሽ የለም እንዴ?» አላት።

«አያለሁ እንጂ። ግን የማየው ልጁን ነበር።»

አያ ድንቁ ሳቀ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ጾም ነውና ቅቤ አይነካም።

«ሠርቼ አላሳይሽም። በአፌ ልንገርሽ፣ ያዢው» አለ። «ቅቤው ለጋ ይሁን፤ እሳት ያላየ። ስኳሩን በቅቤው ምቺው። ከዚያ ዱቄቱን በጣትሽ ጫፍ ብቻ ሰብስቢው። እንደ ዳቦ ካሸሽው ይቀየምሻል። እሳቱ ደካማ ይሁን። ሳይቀላ አውጪው። ሳይበርድ አትንኪው። በቃ።»

ውባለም ደጋግማ በቃሏ ያዘችው። ከዚያም፦ «አንድ ነገር ልለምንዎት። ጣሳውን ያውሱኝ» አለችው።

«እቤታችሁ ጣሳ የለም?»

«አለ። የጎበጠ ግን የለም።»

አያ ድንቁ ገባው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማን ሙዳይና የማን አገልግል እንደሚመጣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጣሳውን በጨርቅ ጠቀለለና ሰጣት።

ሐሙስ የውብዳር ልጇንና ሽማግሌውን አስከትላ መጣች። በርጩማዋን ከትሪው አጠገብ አስጠጋች። ውባለም እጇን ታጠበችና ጀመረች። ለጋውን ቅቤ ከስኳሩ ጋር መታችው። ዱቄቱን በጣቶቿ ጫፍ ሰበሰበችው።

የውብዳር፦ «ቅቤው አልበዛም?» አለች።

«የሚይዘው እሱ ነው፣ እመት።»

«እሱስ ነው። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው።»

አስካለም፦ «እኛ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው» አለች።

ሁለቱ እናቶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዳቸውም ከዚያ ቀን በፊት በወጉ ሲሠራ አይተው አያውቁም።

ከዚያም ውባለም ጨርቁን ፈታች። ጣሳውን አወጣችና ሊጡ ላይ ተጫነችው። አንድ ብስኩት ቆርጣ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ጠርዙ ላይ አይጥ የቀመሰችው የሚመስል ጎደሎ አለው። አስካለ ያንን ስታይ ላብ አጠመቃት።

የውብዳር፦ «ይህ ጣሳ እኮ የ...» አለችና አቋረጠች።

ሽማግሌው፦ «የማን ነው? ያውቁታል እንዴ?» አላት።

ተስፉ ጣራውን ያያል። የውብዳር ብትናገር ሙሽራይቱ ትዋረዳለች፤ ግን ጎደሎውን ከየት አወቅሽው ቢሏት መልስ የላትም።

«ከየት አውቄው?» አለች።

ውባለም አልተቻኮለችም። ሌላ ቆረጠች። ሌላም ቆረጠች። ከዚያም ቀና ሳትል፦ «እመት የውብዳር፣ እርስዎ ሌላ ዓይነት ጣሳ ነው የሚጠቀሙት?» አለቻት።

የውብዳር ልጅቷን አየቻት። ልጇን አየችው። የእሱ ዓይን አሁንም ጣራው ላይ ነው። ከዚያም አስካለን አየቻት፤ ፊቷም አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ነው የአስካለ ብስኩት ለምን ሁልጊዜ ትንሽ እንደሆነ የገባት።

«የለም። የእኔም እንደዚሁ ያለ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አስካለ ትንፋሿ መለስ አለ።

ብስኩቱም ወጣ፤ በረደም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገሚሱ ታቹ ጠቁሯል። የመጀመሪያ እጅ ነዋ። ሽማግሌው ቀመሰና፦ «ይኼ አሮ የለም እንዴ?» አለ።

የውብዳር አንዱን አነሳች። አልገመሰችውም። ሙሉውን በላችና፦ «አላረረም። ቤት የተጋገረ እንዲህ ነው። ሙያ አላት፤ ሠርጉ ጥር ላይ ይሁን» አለች።

ጥር ላይም ተጋቡ። ጣሳውም ለአያ ድንቁ ተመለሰ። ውባለም ሌላ ጣሳ አበጀችና ጋገረች። አሳረረች፤ ጋገረች፤ ደግሞ አሳረረች። ከዚያም እጇ ገባ። በማኅበር ቀን የሁለቱም እናቶች ብስኩት ሙሉና ክብ ሆነ። «ለሆድ አይስማማም» የሚባለው ነገርም በዚያው ተረሳ።

ውባለምና ተስፉ ግን ቅዳሜን አልተዉም። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄዱ አግዳሚው ተይዟል። አስካለና የውብዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጀርባቸውን ያሞቃሉ። ሙዳይ የለም፣ አገልግል የለም፣ ፊታቸውም አልተሸፈነም። በእጃቸው ጠርዙ የጎደለ ብስኩት ይዘዋል። ከዳር ከዳሩ ይበላሉ።

ውባለም፦ «ምነው፣ ሐሙስ የጋገርኩት እቤት ሞልቶ የለም እንዴ?» አለቻቸው።

የውብዳርም፦ «የቤቱ ለእንግዳ ነው። እዚህ የመጣነው ለራሳችን ነው» አለቻት።

አስካለ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ በጣቷ እየለቀመች፦ «ቆማችሁ አታግዱን። ተቀመጡ፣ ግድግዳው ይሞቃል» አለች። ከዚያም ሁለቱ እናቶች ወደ ዳር ጠጋ አሉላቸው።

ተረቴ በረደ፤ አሁን መንካት ይቻላል። እናንተ ወስዳችሁታል፣ የእኔ አፍ ግን ደርቋል። በሉ ተነሱና አብሱልኝ፤ ዳቦ ካለ በዳቦ፣ ብስኩት ካለ በብስኩት። ጠርዙ ቢጎድልም ቅር አይለኝም። ከሁለት የተገመሰ ግን እንዳላይ።