ድምፅ የማይወደድበት ግቢ

አንድ አከራይ ነበር፤ ሽመክት ይባላል። ግቢው ውስጥ የሚያከራያቸው ጥቂት የሰርቪስ ክፍሎች ነበሩት። ከክፍሎቹ የሚበዙት ግን ደንቦቹ ነበሩ። ከመሸ በኋላ የግቢው በር አይከፈትም። እንግዳ አያድርም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቤት ሊያይ ለመጣ ሰው ሁሉ ግን የኪራዩ ነገር እንኳ ሳይነሳ በፊት የሚነግረው አንድ ነገር ነበር፦ «እዚህ ግቢ ድምፅ አይወደድም።»

የተከራይ ድምፅ ማለቱ ነው እንጂ የራሱንስ በጣም ይወደው ነበር። የእሱ ቴሌቪዥን ሲከፈት አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። በተለይ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የድምፃውያን ውድድር በሚተላለፍበት ጊዜ፣ ከወንበሩ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ይመታ ስለነበር ቅኝት ለይቶ ያውቃል። ይሄ እውነት ነው፣ አይካድም። ክፋቱ ያወቀውን ሁሉ የሚያወጣው በቁጣ መሆኑ ነው። ውድድሩ ባለቀ ቁጥር እሱም ጉሮሮው ይዘጋል።

የውድድሩ ሥርዓት ቀላል ነው። ተወዳዳሪው ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ይዘፍናል። ዳኞቹ መልኩንም ልብሱንም አያዩም፤ ድምፁን ሰምተው ከወደዱት ፊታቸው ያለውን መብራት ያበሩለታል። መብራት በራም አልበራም፣ መጋረጃው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ እሁድ ሚስቱ አስካለ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ታፈሰም እንደ ልማዱ መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ቦታውን ይዟል። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ገና አፉን ሲከፍት ሽመክት ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ልጅ ይዘፍናል ወይስ ታክሲ ይጣራል?»

«ኧረ ድምፅ አለው» አለ ታፈሰ።

«ድምፅማ ክላክስም አለው!»

ልጁ አለፈ። ሽመክት ጭኑን በጥፊ መታ። ቀጥላ የመጣችው አንዲቱን ቃል ይዛ ዳገት ቁልቁለት ስታመላልሳት ቆየች። «ምን አደረገችሽ? ተዪያት በናትሽ፣ ቃሏ እኮ ደከማት!» እያለ ለመናት። እሷም አለፈች። ለሦስተኛው መብራት አልበራም ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ግን ልጁ ያሳለፈውን መከራ እያለቀሰ ተናገረ፤ ዳኞቹም አብረውት አለቀሱና መብራታቸውን አበሩለት።

«በቃ!» አለ ሽመክት ብድግ ብሎ። «ታዲያ መጋረጃውን ለምን ሰቀሉት? የዘፈን ውድድር ነው ወይስ ለቅሶ ቤት? እዚህ አገር እውነተኛ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ የለም! ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንት ችሎታ አለ መሰላችሁ፤ የሚያፍኑት እኮ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው!»

እውነቱን ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ የበለጠ እውነት የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አራተኛዋ መጣች። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አንቺሆዬ በቀስታ ተነሳ፤ ያለ ጌጥ፣ ያለ ጩኸት። ማንም ሳይናገር ሽመክት «ዝም በሉ!» አለ። ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ከስንት ዘመን በኋላ ጉልበቱ ላይ ክራር መምታት ጀመሩ። አስካለ ባሏን እንዲህ ሆኖ ካየችው ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ዘፈኑን ትታ እሱን ታይ ጀመር።

ዘፈኑ አለቀ። አንድም መብራት አልበራም።

የሽመክት ቁጣ ያን ጊዜ ነደደ። «እግዚኦ! ጆሯቸውን ምን ደፈነው? እንዲህ ያለውን ድምፅ! ቅኝቱን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው አልሰማችሁም? እናንተ አልሰማችሁም?» አለና ስልኩን አነሳ። በስክሪኑ ግርጌ ለተመልካች አስተያየት የሚያልፈውን ቁጥር መታ። «ዛሬስ ልክ ልካቸውን ነው የምነግራቸው!» ስልኩ እየጠራ ሳለ አንደኛዋ ዳኛ መናገር ጀመረች።

«ድምፅሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን አይወጣም። ጉሮሮሽ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ሰው እንዳይሰማሽ ነው እንዴ የምትዘፍኚው?»

«ምን ያስፈራታል?» ብሎ ጮኸ ሽመክት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ። «እናንተ ናችሁ እንጂ የምታፍኗት!»

መጋረጃው ተከፈተ።

አስካለ አፏን በእጇ ያዘች። «እንዴ! ወይንሸት! የእኛዋ ወይንሸት!»

ወይንሸት ጥግ ያለችውን ክፍል የተከራየች፣ ዳቦ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ገና እንደገባች አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር ሽመክት ወጥቶ የቆርቆሮውን አጥር በዱላ መትቶ ነበር። «ድምፅ አይወደድም አላልኩሽም?» አላት። ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ያን ቀን ሽመክት ድምፅ መኖሩን ሰማ እንጂ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ቆሞ አላዳመጠም።

«የት ነው የምትለማመጂው?» አለቻት ዳኛዋ።

«ቤት ነው።»

«ጮክ ብለሽ ነው?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ኧረ አይቻልም። ተከራይ ነኝ። አከራዬ ድምፅ አይወዱም። አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ነው የምለማመደው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የግቢው ደንብ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አስተዋዋቂውም እየሳቀ «በይ እንግዲህ፣ አከራይሽ እያዩ ከሆነ ስማቸውን ጠርተሽ ሰላም በያቸው» አላት።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አለች ወይንሸት። «ቤት ያስለቅቁኛል።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ሽመክት ቤት ግን የሳቀ የለም። ታፈሰ የሸሚዙን ቁልፍ ያገላብጣል። ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ።

«ሃሎ፣ እንኳን ደህና መጡ። አስተያየትዎን መስጠት ይችላሉ።»

ሽመክት አፉን ከፈተ።

«ሃሎ? ጌታዬ፣ ድምፅዎ አይሰማም። ሃሎ? እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

ከፍ የሚያደርገው ድምፅ አጣ። አስካለ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው። «ልክ ልካቸውን ልትነግራቸው አልነበር?»

ሽመክት ቴሌቪዥኑን አጠፋና ወደ ግቢው ወጣ። ፕሮግራሙ የተቀረጸው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ልጅቷ ተሸንፋ ስትመለስ ለማንም አልተናገረችም ነበር። አሁን ጥግ ባለችው ክፍሏ ውስጥ ናት። የእሱ ቴሌቪዥን አስፋልት ድረስ ስለሚሰማ ሁሉንም ሰምታለች፤ የራሷን ዘፈንም፣ የዳኞቹን ፍርድም፣ ለእሷ ብሎ ዳኞቹን ሲሳደብ የዋለውን ሽመክትንም። እሱ በሯ ላይ ቆሞ ጆሮውን አዘነበለ። ምንም አይሰማም። ልክ ራሱ እንዳዘዘው ነው።

አንኳኳ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ወይንሸት ደንግጣ ቆማለች። «ምነው ጋሼ፣ ድምፅ በዛ እንዴ?»

ሽመክት በቤቱ ውስጥ ሲጮህ የዋለው ሁሉ በዚህች በአንዲት ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ተመለሰበት። «አልበዛም ልጄ» አለ። «አልበዛም። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ልብሽ ዝፈኚ። ጮክ ብለሽ። ማንም አይናገርሽም።»

«እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ እንዳያወጣ ተጠንቅቃ ዘጋችው።

በማግስቱ ሽመክት ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ቅዳሜም ልብስ ስታጥብ ጠበቃት። ሳሙናው ሲፈተግ ሰማ፣ ውሃው ሲደፋ ሰማ። ዘፈን ግን አልሰማም። በአንድ ቃል የከለከለውን በአንድ ቃል መመለስ አልቻለም። እሁድ ውድድሩ ሲጀምር ታፈሰ መጣ፤ ቴሌቪዥኑ ዝግ ነበር፤ ሽመክት ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ጥግ ወዳለችው ክፍል ጆሮውን ጥሏል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ተናድጄ ነው። በሽመክት ብቻ አይደለም የተናደድኩት። አገር ችሎታን ገደለች፣ ዳኛው አዳላ፣ ጣቢያው ተበላሸ እያልን እሁድ እሁድ ጉሮሯችን እስኪዘጋ የምንጮኸው እኛው ነን። ሰኞ ተነስተን በገዛ ቤታችን «ዝም በይ»፣ «ይሄ ምን ያደርግልሃል»፣ «አርፈሽ ተቀመጪ» የምንለውም እኛው ነን። በስክሪን የታፈነው ያንገበግበናል፤ በእጃችን ያፈንነውን ግን ሥርዓት አስያዝኩ ብለን እንኮራበታለን። የሩቁን ዳኛ መስደብ ምንም አያስከፍልም። ሰው ሳይሰማው ለቀረ ድምፅ ከማልቀሳችን በፊት የእኛን ዱላ የሰማ አጥር አለመኖሩን እናረጋግጥ። ደግሞም እንፍጠን፤ ትራስ ውስጥ መዝፈን የለመደ ሰው፣ ተፈቅዶልሃል ስላሉት ብቻ በማግስቱ ቀና ብሎ አይዘፍንም።

አንተስ፣ አንቺስ፦ ዛሬ በሩን ብታንኳኩበት «ድምፅ በዛ እንዴ?» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ማን ነው?