አንጓችና ስሟን የወሰደው ሰው

በሌላው አገር ተረት ሲጀመር «አንድ ንጉሥ ነበር»፣ «አንዲት ሴት ነበረች» ተብሎ ይታለፋል፤ ስማቸውን የሚጠይቅም የለም። እንጎዳ በምትባለው የገደል አፋፍ መንደር ግን በተረት ውስጥ ያለ ሁሉ ስም አለው። ክንፍ ባለው ፈረስ ደመና የሚሻገረው ጎበዝ ቢሻው ይባላል፤ ዘንዶ አግብታ ከባሕር ሥር የነገሠችው ልጅ ውድነሽ ናት፤ ጠጉሯ መሬት የሚጠርገው ጭራቅ ደግሞ አንጓች ትባላለች። እንግዳ ሰው ሲሰማ ተረት ነጋሪው ከራሱ የፈጠራቸው ስሞች ይመስሉታል። ነገር ግን ሁሉም በመንደሪቱ ኖረው፣ ስም አስጠሪ ልጅ ሳይተዉ የሞቱ ሰዎች ስሞች ናቸው፤ ልማዱ የመጣበትንም ምክንያት ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይናገራሉ።

በደጉ ዘመን ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን «ደግ ቢሆን ኖሮ ይህ ይሆን ነበር?» ብለው ያርማሉ። በዚያ ዘመን አንጓች የምትባል ባልቴት ከመንደሩ ጫፍ ትኖር ነበር። ባሏንና አራት ልጆቿን በአንድ ክረምት ተስቦ ጨርሶባታል፤ የቀራት እሳቷ ብቻ ነበር። እሳት አዳፍኖ ማሳደር ታውቅበት ስለነበር ምድጃዋ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ የመንደሩም ልጆች ማለዳ ማለዳ ገል እየያዙ እሳት ሊጭሩ ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። እሳት ሊጭር የመጣ መቼም አይቀመጥም። ቢሆንም በሩ ላይ ቆመው «እማማ አንጓች» ብለው ይጣራሉ፣ ስሟም በቀን ውስጥ የሚጠራው ያን ጊዜ ብቻ ነበር ይባላል።

ስም ከመቃብር በላይ ነው ሲሉ ትሰማለች፤ ግን እንዴት ተደርጎ? ቄሱ በጸሎት የሚያነሡት የክርስትና ስሟን ነው። የወንድ ስም በልጁ ስም ላይ ተቀጥሎ ይሄዳል፤ የእርሷ ግን፣ እናቷ ያወጣችላት ስም፣ አብሯት አፈር መግባቱ ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። አንድ ቀን ለመንደሩ ተረት የሚያወራውን ሰው መንገድ ላይ አገኘችው። ሰውየው ሚስትም ልጅም የሌለው፣ አፈ ጣፋጭ፣ ሰው ሲስቅለት ደስ የሚለው ነበር።

«ስሜን ከተረትህ አስገባልኝ» አለችው።

«ምን ላድርግዎት እማማ? የንጉሥ ልጅ?» አለና ሳቀ።

«ያሻህን አድርገኝ። ብቻ ይጠራ።»

ጥፋቱ ያሻህን ማለቷ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱን በእርሷ ላይ አላደርገውም። ሰውየው በዚያው ማምሻውን ልጆቹን ሰብስቦ ተረት ሲያወራ፣ እስከዚያ ቀን ስም ያልነበራት ጭራቅ ከዋሻዋ ስትወጣ «አንጓች መጣች» አለ። ልጆቹ ጮኹ፤ አዋቂዎቹ ሳቁ፤ ሳቁም ስለጣፈጠው ደገመው። ስም የሌለው ጭራቅ ከተረቱ ጋር ያልቃል። አንጓች ግን ቤት ነበራት፣ ልጆቹም ቤቷን ያውቁታል።

በማግስቱ እሳት ሊጭር የመጣ ልጅ አልነበረም። እናቶች ቢቆጡም ልጆቹ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ከሌላ ቤት ይጭሩ ጀመር። አንጓች ፍሙን ገልጣ በየማለዳው ደጃፏ ላይ ትቀመጥ ነበር ይባላል። አንዲት ትንሽ ልጅ በአጥሩ ሥር ስታልፍ አይታ «ነይ፣ እሳት አለ» ብትላት፣ ልጅቷ ገሏን ጥላ ሮጠች። አንጓችም ገሉን አንሥታ ይዛው ገባች።

ክረምቱ ሲበረታ ከጣራዋ ጭስ መውጣት ማቆሙን የመንደሩ ሰው ልብ ያለው በአምስተኛው ቀን ነው። በሩን ሲከፍቱ ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ሞታ አገኟት። ገሉ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ለልጅቷ ያኖረችላት ፍም በላዩ አመድ ሆኗል።

ሰውየው ገሉን ባየ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሰ ይላሉ። ስሟን ከተረቱ ሊያወጣው ፈለገ፤ ልጆቹ ግን አንዴ ለምደውታል። ስለዚህ ተረቱን አስረዘመው። ምድር ሁሉ በረዶ በለበሰችበት ዘመን እሳት ያልጠፋው ከጭራቋ ዋሻ ብቻ ነበር አለ፤ ጠጉሯም መሬት የነካው የሚያበጥራት አጥታ ነው፤ ልጆቹን የምትጣራውም ልትበላቸው ሳይሆን ፍም ልትሰጣቸው ነው። ከዚያ ደንብ አወጣ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ተረት አይገባም፤ የሚገባው ያለ ልጅ የሞተ ሰው ስም ነው፤ ስሙንም የሚያቀርበው ከሟቹ ቤት እሳት የሞቀ ሰው ይሁን አለ። ቢሻው የክንፋሙ ፈረስ ጌታ የሆነው ያኔ ነው፤ በሕይወቱ ግን ከመደብ ያልወረደ ሽባ ነበር።

ሰውየውም ሳይወልድ አረጀ። ሊሞት ሲያጣጥር ጎረቤቶቹ ከበውት «አንተንስ ማን እናድርግህ? ደመና የሚያርሰው ገበሬ ገና ስም አላገኘም» አሉት።

«ተዉኝ» አለ። «የእርሷን ስም በቁሟ ወስጄ ቤቷን ወና አደረግሁባት። የኔ ከኔ ጋር ይሂድ።»

በእግዜር ስም ስላማላቸው ማንም ስሙን ደግሞ አልጠራውም፤ ዛሬም የሚያውቀው የለም። ከእርሱ በኋላ ተረት ነጋሪ የሆነችው ያቺ ገሏን ጥላ የሮጠችው ልጅ ናት ይባላል። መሐላውን አላፈረሰችም፤ ዝም ብላ ልታልፈው ግን አንጀቷ እንቢ አላት።

ዛሬም እንጎዳ ውስጥ ተረት ሲወራ ጭራቋ ከዋሻዋ ስትወጣ የሚሸሽ ልጅ የለም፤ ሁሉም ባንድ አፍ «እማማ አንጓች፣ እሳት ይስጡን» ይላሉ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ሲጀመር፣ ተረት ነጋሪው ያቺ ልጅ እንዳስለመደችው «አንድ ሰው ነበር» ይልና ዝም ይላል። ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሕፃናቱም ጭምር ጸጥ ይላሉ። ዝምታው አንድ ስም ለመጥራት የሚበቃውን ያህል ነው፤ ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል።