እርጥበቱ ሳይሸሽ

ልጀምር ነው፤ ወዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ቆላ አገር፣ ከተራራ ሥር፣ ጦይባ የምትባል ገበሬ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በአንዲት ማሳ የምታሳድግ ሴት ናት። በሚያዝያ የዘራችው ማሽላ ዝናብ አጥቶ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ መጣ፤ አንድ ቀን አወረደና ጠፋ። አሁን ጦይባ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር፣ አንድ ቁና። ጎንበስ ብላ አፈሩን ጨበጠችው። እርጥብ ነው። ነፋሱ ግን ተነሥቷል።

ወደ ጎረቤቷ ወደ ዘነቡ ሮጠች። በመንደሩ ያ ዘር የቀረው እሷ ቤት ብቻ ነው።

«እትዬ ዘነቡ፣ ዘር ስጪኝ፤ ዘሩን ለማሳዬ። እርጥበቱ እየሸሸ ነው!»

«መሬቴ ደክሟል፤ የጣልኩበትን አያበቅልም» አለች ዘነቡ። «ፍግ አምጪልኝ፣ ዘር ልስጥሽ።»

ጦይባ ከብት ወዳለው ወደ አያ ይማም ሄደች።

«አያ ይማም፣ ፍግ ስጠኝ፤ ፍጉን ለዘነቡ፣ ዘሩን ለማሳዬ። እርጥበቱ እየሸሸ ነው!»

ይማም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኩበት አሳያት። «ሁሉንም ለኩበት ነው የማውለው። ፍጉን ብሰጥሽ ምን አነዳለሁ? ማገዶ አምጪልኝ፣ ፍግ ልስጥሽ።»

ማገዶ ያለው ተራራው ላይ ነው። ተራራው ግን ዛፍ እንዲያገግምበት ተከልሏል፤ ጠባቂው አባ ሽፋው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«አባ ሽፋው፣ የወደቀ ጭራሮ ይፍቀዱልኝ፤ ማገዶውን ለይማም፣ ፍጉን ለዘነቡ፣ ዘሩን ለማሳዬ። እርጥበቱ እየሸሸ ነው!»

«ያ ጭራሮ ነው ጎርፉን የያዘልኝ» አሉ አባ ሽፋው። «እርከኑ ፈርሷል፤ ያውልሽ፣ አፉን ከፍቷል። ጭራሮውን ካነሣሽው የሚቀጥለው ዝናብ ተራራውን ይዞት ይወርዳል፣ ያንቺንም ማሳ ጭምር። እርከኑን ጠግኚልኝ፣ ጭራሮ ልፍቀድልሽ።»

ጦይባ ለእርከኑ የሚሆን ድንጋይ በእጇ ልትነቅል ሞከረች። አልነቃነቅ አላት። ድንጋይ የሚፈነቅል ድጅኖ ያለው ፍየል አርቢው አሊ ዘንድ ነው። ቁልቁል ስትወርድ በማሳዋ በኩል አለፈች። አፈሩን ጨበጠች፤ ላዩ አቧራ ሆኖ በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። ጣቷን አጥልቃ ስትከት ብቻ ቀዝቀዝ አላት። ወደ አሊ ሮጠች።

አሊ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይቆፍራል።

«አሊ፣ ድጅኖ አውሰኝ! ድጅኖው ለእርከኑ፣ እርከኑ ለአባ ሽፋው፣ ማገዶው ለይማም፣ ፍጉ ለዘነቡ፣ ዘሩ ለማሳዬ! እርጥበቱ እየሸሸ ነው!»

«እታለም፣ እኔስ ቢሆን» አለ አሊ ላቡን እየጠረገ። «ዝናቡ እኮ እንደ ድሮው እየደጋገመ አይመጣም። አንዴ መጥቶ ሳልይዘው ካለፈ፣ ፍየሎቼ በበጋ በጥም ያልቃሉ። የቀረኝ ትንሽ ነው፤ አፈሩን የሚያወጣልኝ ግን የለም። ሰው አምጪልኝ፣ ድጅኖ ላውስሽ።»

ጦይባ መንገዱን አየች። ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ማሳ እያየ ይጨነቃል። ደግሞ ሌላ በር ልታንኳኳ ነው? ደግሞ ሌላ ነገር አምጪ ልትባል ነው? ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ሰው አይደል የፈለግከው? ሰውስ እኔ አለሁ» ብላ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

አሊ ቆፈረ፤ ጦይባ አፈሩን በጆንያ እየሞላች አወጣች። መዳፏ ተላጠ፤ አላቆመችም። ጉድጓዱ አለቀ። አሊ ድጅኖውን አቀበላትና፣ እጇን ሲያይ መልሶ ተቀበላት። «ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

ጉድጓዱ ቢያልቅ አሊ ድጅኖ ይዞ መጣ። ድጅኖው ድንጋይ ነቀለ። ድንጋዩ እርከኑን ደፈነ። እርከኑ ቢደፈን አባ ሽፋው ጭራሮ ፈቀዱ። ጭራሮው ሲደርሰው ይማም ፍጉን በአህያ ጫነ። ፍጉ ሲደርሳት ዘነቡ ከጓዳ ቅል ይዛ ወጣች።

ቅሉ ውስጥ ያለው ሁለት ቁና ብቻ ነበር። ዘነቡ እኩል ከፈለችው።

«ይኸው ነው?» አለች ጦይባ።

«ይኸው ነው። ሌላ የለም። እኔ አንቺን ለማንገላታት ብዬ አይደለም ፍግ ያልኩሽ። ያንቺ ቢደርቅ የኔ ይድረስ፣ የኔ ቢደርቅ ያንቺ። ሁለቱም ከደረቁ ለከርሞ ዘር የሚባል አይኖረንም።»

ጦይባ ዘሩን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። አሊ መሬቱን በድጅኖው ጫፍ እየበሳ፣ ይማም ዘነቡ ካካፈለቻቸው ፍግ እየጨመረ፣ እሷ ዘሩን አንድ በአንድ፣ እርጥበቱ ወደሸሸበት ጥልቀት አወረደች። ከዚያ ወደ ዘነቡ ማሳ ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ የጦይባ ሥራ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ትቀመጣለች። ጠዋት ጠዋት ዘነቡም ከወዲያ በራሷ ማሳ ዳር ትቀመጣለች።

አንድ ጠዋት ዘነቡ ከወዲያ ማዶ ተጣራች፤ «ጦይባ! በቅሏል! ያንቺስ?»

ጦይባ አጎንብሳ አየች፤ አረንጓዴ ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቆ ወጥቷል። እጇን ወደ ላይ አነሣችላት።

የኔ ወሬ እዚህ ላይ ጎተራ ገባ። የእነሱ ማሽላ ግን ገና ማሳ ላይ ነው።