ከወይዘሮ ስንዱ ጎን ያለው ደረቅ ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ዝናቧ ከሕዝቧ በሚበዛ አንዲት የደጋ ከተማ ውስጥ፣ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሰው ከሚስታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጋር ይኖሩ ነበር። ሌላው ሰው ለልጁ ቤት ይሠራል፤ አቶ ጓንጉል ግን አርቀው የሚያስቡ ነበሩና ለራሳቸውና ለሚስታቸው መቃብር አሠሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ፣ በአንድ የኮንክሪት ጣሪያ ሥር ሁለት ክፍል የያዘ ሥራ ነበር። ግራው ለስንዱ፣ ቀኙ ለእሳቸው፤ ለሁለቱም የብረት በር ተገጠመላቸው። ወይዘሮ ስንዱ መጥተው ዞረው አዩትና «ከቤታችን ይሻላል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቤታቸው የጭቃ ነበር።

መቃብሩ ባለቀ በዓመቱ ሰበካ ጉባኤው ግቢው ሞልቷል ብሎ አዲስ መቃብር ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሞተ ሁሉ ከባሕር ዛፉ ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ንፋስ ወደሚያፏጭበት ሜዳ ይወሰድ ጀመር። የዚያች ከተማ ሰው መሞቱን እንደምንም ይቀበላል፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ መቀበሩን ግን አይቀበልም።

ወይዘሮ ስንዱ በግንቦት አረፉ። አቶ ጓንጉል አላለቀሱም። ሰው «ጠንካራ ናቸው» አለ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ብርድ እንዳደነዘዘው እጅ ሆነው ነው። «እግዜር ያጥናዎት» ሲሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። «እህል ቅመሱ እንጂ» ሲሏቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። በቅሎ ብትረግጣቸው ከዚህ የተለየ መልስ ይሰጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

የበኩር ልጃቸው ላቀው በአካባቢው የሚታወቀው ሰው ገና ሲያስብ እሱ ጀምሮ በመጨረሱ ነው። ለአርባው ተዝካር እንግዳ ይመጣል፣ የእናቴ መቃብር ግራጫ ሆኖ አይታይም አለና አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀባው። ኮንክሪቱ የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ ጠጥቶ ነበር። ላቀው እንዲደርቅ አልጠበቀውም፤ ውሃውን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ቀባበት። ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ እሳት እንደነካው ቆዳ ተነፋፋ፣ ከዚያም እየተሰነጠቀ ይላጥ ጀመር። ከሩቅ ሲያዩት ግን ያምር ነበር፤ መቃብር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሩቅ ነው።

በተዝካሩ ዋዜማ አቶ ጓንጉል ብቻቸውን ወደዚያ ወረዱ። የስንዱ በር ታሽጓል። የራሳቸውን ከፈቱ። ለምን እንደከፈቱት አያውቁም፤ ሰው የገዛ በሩን ለምን ከፈትህ ተብሎ አይጠየቅም። እጃቸውን ሰደው ጣሪያውን ከውስጥ ሲዳስሱት ርሷል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወለሉ ላይ ውሃ አቁሯል። በአንድ ጣሪያ ሥር ካሉ ሁለት ክፍሎች አንዱ ርሶ ሌላው ደርቆ እንደማይገኝ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ስንዱ በሕይወት ሳሉ እግራቸው ከረጠበ ሦስት ቀን ያማቸው ነበር። አቶ ጓንጉል እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው በሩን ዘጉት።

በማግስቱ ተዝካሩ ላይ ነገሩን ተናገሩ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ከዚያም መከረ። አንዱ ቆርቆሮ ይልበስ አለ፤ አንዱ ሬንጅ ይፍሰስበት አለ፤ አንዱ ደግሞ ውሃው ከሰማይ እስከመጣ ድረስ ተዉት አለ። ምክሩ አላልቅ ሲል «እስቲ ባለቤቱ አንድ ቃል ይናገሩ» ተባለ። አቶ ጓንጉል በዚያች ሰዓት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እንዲሄድላቸው።

«እናቱን ከውሃ ያወጣ ልጅ የእኔን ቦታ ይውሰድ» አሉ።

የእድሩ ዳኛ ሻምበል ወንዳፍራሽ ብርሌያቸውን አስቀምጠው «ሰምተናል» አሉ። በተዝካር ማዕድ ላይ የተነገረ ቃል በዚያ አገር አይታጠፍም፤ የሟች አደራ ይሆናል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። አቶ ጓንጉል የሰጡት ከስንዱ ጎን የሚተኙባትን ቦታ መሆኑ የገባቸው ጓዳ ገብተው አልጋው ላይ ሲቀመጡ ነው። ገባቸው እንጂ አልተሰማቸውም።

ላቀው ቀድሞ ተነሣ። የሽቦ ብሩሽ ገዛና ሐምሌን ሙሉ፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር፣ ያንን አረንጓዴ ቀለም ይፍቅ ጀመር። ብሩሹ ሲያልቅ በመሮ፣ መሮው ሲዶለዱም በድንጋይ። የእጁ ቆዳ ተገፍፎ ደሙ ከኮንክሪቱ አቧራ ጋር ተቦካ። አላፊ አግዳሚው ሁለት ወገን ሆነ። ግማሹ «የራሱን ጥፋት ነው የሚፍቀው» ሲል፣ ግማሹ «ጥፋቱን የሚፍቅ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?» ይል ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ነሐሴ ሲገባ መቃብሩ ከላይ እስከ ታች ተገፍፎ እንደተወለደበት ቀን ራቁቱን ቆመ። ራቁቱን በመቆሙም ውሃውን ከቀድሞው የባሰ ይጠጣ ጀመር።

ታናሽየው ይርዳው የመጣው ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ይሠራል። ለእናቱ ቀብር አልደረሰም፤ ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ሁሉም ግን መልሱን ያውቅ ይመስል ነበር። ባዶ እጁን አልመጣም፤ አንድ ጀሪካን ይዟል። «ለሬሳዋ ያልመጣ ለጀሪካን መጣ» ተባለ። ጀሪካኑ ሲከፈት ሻምበል ወንዳፍራሽ አጎንብሰው አዩ። ውስጡ ያለው ውሃ ነበር የሚመስለው።

«ውሃን በውሃ ነው የምታስቆመው?» አሉት።

ይርዳው ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ይህን ሲያስረዳ ግን ምላሱ ተፈታ። «ሻምበል፣ ኮንክሪት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንጀራ ነው፤ ዓይን አለው። ድንጋይ የሚመስለን ዓይኑ ስለማይታይ ነው። ቀለም ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ይኼ ግን ይሰርጋል። ጣት ሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ከውስጥ ያለብሰዋል። ውሃው ይመለሳል፤ የኮንክሪቱ ትንፋሽ ግን ይወጣል።»

«ሲያልቅስ ምን ይመስላል?»

«ምንም።»

ይህ መልስ ከተማውን አስከፋ። ያልታየ ሥራ ያመሰገነ ከተማ እስከዛሬ አልተሰማም። ይርዳው አንድ ነገር ጨመረ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት የሚሰርገው ኮንክሪቱ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ የጠገበ ሆድ አይጠጣም። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ነሐሴ ነው። ሰማዩም ቁልቁል አየው። ጀሪካኑን ከደነና ተቀመጠ።

ያን ጊዜ አስካለ ተነሣች። መካከለኛዋ ልጅ ናት፤ እናቷን እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ያስታመመችው እሷ ናት። ወደ እድሩ መጋዘን ሄደችና ንብረት ያዡን ድንኳኑን አውጣልኝ አለችው።

«ውይ፣ ማን ሞተ?» አላት።

«እናቴ» አለችው።

መቼ ብሎ አልጠየቃትም። ኀዘንተኛ አይመረመርም። ድንኳኑን አስጭኖ ሰጣት፤ እሷም አስወስዳ መቃብሩ ላይ አስተከለችው።

የእድር ድንኳን በዚያ አገር ለሰርግ እንኳ አይወጣም፤ ለሞት ብቻ ነው። በግቢው ዛፎች መካከል ሲታይ ከተማው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሴቶቹ ከበሩ ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ። ወንዶቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ አልተገኘም፤ እርስ በርስ ሲጠያየቁ እያንዳንዱ ጎረቤቱ ያውቃል ብሎ ነበር የመጣው። ሆኖም ለቅሶ መጥቶ ሳያለቅሱ መመለስ ነውር ስለሆነ አለቀሱ። ንፍሮ ተጣደ። ወንበር መጣ። አቶ ጓንጉልን ከመካከል አስቀመጧቸው። «እግዜር ያጥናዎት» አሏቸው፣ ለሁለተኛ ጊዜ፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አይታወቅም። አንዲት አሮጊት የአቶ ጓንጉልን ጉልበት ይዘው ስንዱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ሲነግሯቸው ዋሉ። አቶ ጓንጉል የሚነገርላት ሴት የት እንዳለች ያውቃሉ፤ ከጀርባቸው፣ ከኮንክሪቱ ወዲያ። ዘወር ብለው አላዩም።

የድንኳኑ ጥላ፣ የንፍሮው እሳትና የሕዝቡ ሙቀት ሥራቸውን ሠሩ። ጥቁር የነበረው ኮንክሪት አመድማ ሆነ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ነጣ። ይርዳው ተነሥቶ በእጁ ጀርባ ዳሰሰውና እሳቱ ይጥፋ፣ ሰውም ከድንኳኑ ይውጣ፣ ሽታው አይበጅም አለ። ሕዝቡ ወጥቶ ከዳር ቆመ። ይርዳው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሮለር መቀባት ጀመረ። ኮንክሪቱ እንደተጠማ በሬ ጠጣ፤ ይቀባል፣ ይጠፋል፤ ይቀባል፣ ይጠፋል። ጀሪካኑ ባዶ ሆነ። መቃብሩ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ካልታየ ቅባት ተአምር እንደሚጠበቅ ያሰበች አንዲት ሴት አማተበች። ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በእውነት የሞተ ሰው ተገኘና ድንኳኑ ተነሣ። ዝናቡም ይጠብቅ የነበረ ይመስል የዚያኑ ዕለት ወረደ። ውሃው ጣሪያው ላይ ወድቆ እንደ ጨሌ እየተንከባለለ ረገፈ። እስከ መስከረም ድረስ እንዲሁ ሲረግፍ ከረመ።

ዝናቡ ሊወጣ ሲል አቶ ጓንጉል ተመልሰው ሄዱ። የቀኙን በር ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ። የጣሪያው ሆድ ደርቋል። ጣታቸው ላይ አቧራ ወጣ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አስገቡ፤ ከዚያ ትከሻቸውን። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ጆሯቸውን ለጠፉበት። ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደዚያ ሆነው ቆዩ፤ እግራቸው ከውጭ፣ ራሳቸው ከውስጥ። ያያቸው ሰው ሽማግሌው ቸኮሉ ሳይል አይቀርም።

ያገኟቸውም እንደዚያ ሆነው ነው። ሻምበል ወንዳፍራሽ ሁለት ሽማግሌዎችና ሦስቱን ልጆች አስከትለው መጥተው ነበር፤ አደራውን ሊፈጽሙ። አቶ ጓንጉል ራሳቸውን ከውስጥ አወጡ፤ የመጡትም ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ይናገር ተባለ።

ላቀው ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየ። ጠባሳው አሁንም ቀይ ነበር። ቀለሙ ሳይፋቅ መድኃኒቱ በየት ይገባ ነበር አለ። ይርዳው፣ ቀለሙን ማን ቀባውና ሲለው፣ ላቀው «ቢያንስ እዚህ ሆኜ ነው ያጠፋሁት» አለው።

ይርዳው ያንን ዋጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የፋቀውም ድንኳን የተከለውም ውሃን አላስቆመም፤ ያስቆመው የሰረገው ነው አለ። ለቀብሯ ስላልደረስኩ ነው ቦታውን የምፈልገው፤ እናንተ ተሰናብታችኋታል፣ እኔ አልተሰናበትኩም አለ። አስካለ አየችው። «ሦስት ወር ተኝታ ስትጠብቅህስ?» አለችው።

አስካለ ከሁለቱ ያጠረ ነገር ተናገረች። እነሱ ያዳኑት መቃብሩን ነው፤ እኔ ያገላበጥኳት እሷን ነው፤ አሁንም ብትሆን ድንኳኑ ባይኖር ያ ጀሪካን እስከ ጥቅምት ይቀመጥ ነበር አለች። አንደኛው ሽማግሌ ድንኳኑ በሐሰት መውጣቱን አነሱ። «እናቴ አልሞተችም?» አለቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን አዩ።

ሻምበል ወንዳፍራሽ ከዚያ ወደ አቶ ጓንጉል ዞሩ። ከልብ የሚያዝኑ ሰው ናቸው፤ ግን ደንብ ያውቃሉ። «ጓንጉል ወንድሜ፣ ቃሉ የአንተ ነው። አንተስ የምትለው አለህ?»

አቶ ጓንጉል ወደ በሩ ጠጋ ብለው እጀታውን ያዙ። «አርባ ዓመት ከጎኗ ተኝቻለሁ» አሉ።

ሻምበሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተንሾካሾኩ። «እሱማ እናውቃለን» አሉ። «ግን ያ ከቃሉ በፊት ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አቶ ጓንጉል። እጃቸው ግን የብረት በሩን እጀታ ይዞ አልለቀቀም፤ ላቀው በቀስታ ሊያስለቅቃቸው ሞክሮ ተወው።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ፀሐዩም ወጥቷል፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ንፋሱ ያፏጫል። የፋቀው ልጅ ያጠፋውም እሱ ነው። የቀባው ልጅ ለቀብር አልደረሰም። ድንኳን የተከለችው ልጅ ከተማን ሙሉ በከንቱ አስለቅሳለች፤ በከንቱ ከሆነ። አባትየው ደግሞ ከአንዲት ቃል በቀር ምንም አልሠሩም፤ ያቺ ቃል ባትኖር ግን አንዳቸውም አይነሡም ነበር። እናንተ የሰማችሁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ተከራከሩና ንገሩን፤ ከወይዘሮ ስንዱ ጎን ያለው ያ ደረቅ ቦታ የሚገባው ለማን ነው?