ያልተወለደው ባላምባራስ

ነበር ስላችሁ ነበር በሉኝ። ነበር! እንዲያ ነው።

ወንዝ እንደ ጌታ በሚፈራበት ዘመን፣ እዚሁ ደንጎራ ውስጥ ይርዳው የሚባል ሸማኔ ነበር። ርስት የለው፣ በሬ የለው። ያለው አንድ የሸማኔ ጉድጓድ፣ አንድ መወርወሪያና አንዲት ልጅ ነበር፤ ይታይሽ ትባላለች። እናቷ የሞተችው እሷን ስትወልድ ነው። ክረምት ነበር፤ አዘላ ወንዝ ሞልቷል። አዋላጇ ከማዶ ቆማ እየጮኸች ትመክራለች፣ ውሃው ድምጿን ይበላዋል። ልጅቱ ተረፈች፣ እናቲቱ አልተረፈችም። ይርዳው ይህን አልረሳም። እናንተ ብትሆኑ ትረሳላችሁ?

ዘመን አለፈና ይታይሽ ተዳረች፤ በጥቅምት አረገዘች። በጣቷ ብትቆጥር መውለጃዋ ሐምሌ ላይ ዋለ። በዚያው ሰሞን አንድ ግንበኛ በመንደሩ ሲያልፍ «ድንጋይና ኖራ ካቀረባችሁልኝ ድልድይ እሠራላችኋለሁ» አለ። አገሬው ወርካው ስር ተሰበሰበ። የአገሩ ትልቅ ሰው ግራዝማች አላምረው ተነሡ። «አባቶቻችን በዋና ተሻገሩ፤ ድልድይ ጎበዝ ያሰንፋል» አሉ። ጉባኤውም እውነት ነው አለ። ይርዳው ሊናገር ብድግ ቢል «አንተ ደግሞ! ሂድና ድርህን ቁጠር» አሉት ግራዝማች። አፈረ። ሄዶም ድሩን ቆጠረ።

ግን የሸማኔ ነገር ታውቃላችሁ፤ እጁ ሲሠራ አፉ ሥራ ፈት ነው። ፈትል ያመጡ ሴቶች ኩታቸው እስኪያልቅ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ለእነሱ አንድ ሰው ፈጠረላቸው፤ ስሙንም ባላምባራስ ቸኮል አለው። እንዲህ ያለ ሰው በአገሩ አልነበረም። የወለደውም የሾመውም ይርዳው ነው።

የባላምባራስ ቸኮል ቤት ያፈሳል አላቸው። ጎረቤት ሣር ተሸክሞ ቢመጣ «አባቴ ያላደረገውን አላደርግም፤ አባቴ በዚህ ፍሳሽ ነው ያደገው» ብሎ መለሰው። አልጋውን ከፍሳሹ ሸሸ አደረገ። እዚያም ፈሰሰ፤ ሸሸ አደረገ። ሲሸሽ ሲሸሽ አልጋው ደጅ ወጣ። ባላምባራስም ዝናቡ ላይ ተጋድሞ «ይኸው፣ አሁን ቤቱ አያፈስም» አለ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በማግስቱ በቅሎ ላይ አስቀመጠው፣ ፊቱን ወደ ጭራዋ አዙሮ። ለምን ቢሉት «የመጣሁበትን አባቴ ያውቀዋል፤ የምሄድበትን አያውቀውም። አባቴ ያላየውን አላይም» አለ። የግራር ቅርንጫፍ ማጅራቱን መታውና ወደቀ። ተነሥቶ በቅሎዋን ገረፈ። ይርዳው ወሬው ሲጥም መወርወሪያውን አቁሞ «ድሩ ተበጠሰ፣ ቀሪው ነገ» ይላል። ድሩ መች ተበጠሰ፣ ሌባ!

ወሬው ከጉድጓዱ ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ገበያ ወጣ። አዲሱን ማረሻ አልነካም ያለ ባል «ባላምባራስ» ተባለ። ልጄን ፊደል አላስቆጥርም ያለችው እናት እንኳ «ባላምባራስ» ተባለች።

በመጨረሻ ግራዝማች ጆሮ ደረሰ። «ሰድቦኛልና ካገር ይውጣልኝ» ብለው ዳኛ ፊት ከሰሱት። በችሎቱ ቀን ይታይሽ ሆዷን ይዛ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች፤ አባቷ ከወጣ ከባሏ ሌላ ማን አላት?

ዳኛው «ማንን ሰደብህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ እኔ ያወራሁት ስለ ባላምባራስ ቸኮል ነው። ዝናብ ላይ የሚተኛ፣ በቅሎ በጭራዋ በኩል የሚጋልብ ሰው ነው። ‹እሱ እኔ ነኝ› የሚል ካለ ይነሣ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ ይርዳው።

አገር ሁሉ ግራዝማችን አየ። ግራዝማች ከወገባቸው ብድግ አሉ፣ አሰቡበት፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ዳኛው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው «ተሰደብሁ ባይ ካልተገኘ ክስ የለም» አሉ። ይታይሽም ከቆመችበት ቁጭ አለች።

በየካቲት ጉባኤው ስለ ድልድዩ ዳግም ተቀመጠ። ግራዝማች ተነሡ። «አባቶቻችን...» ብለው ጀመሩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ከሳቅ የባሰው እሱ ነበር። ግራዝማች ጉባኤውን አዩ፣ ወንዙን አዩ። «አባቶቻችን... ድንጋይ መሸከም ያውቁ ነበር» አሉና ተቀመጡ። በማግስቱ የመጀመሪያውን ድንጋይ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። የልባቸውን እግዜር ይወቀው፤ እኔ ግን ለዚህች ድንጋይ እወዳቸዋለሁ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት ይታይሽን ምጥ ያዛት። አዘላ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ያገሳል። ይርዳው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ማዶ ማዶውን ያያል። አዋላጇ እሜት ተዋበች ብቅ አሉ። ከማዶ ሆነው አልጮኹም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ውሃውን ቁልቁል እንኳ ሳያዩ ተሻገሩና «ምን ይገትርሃል? ሂድ ውሃ አስፈላ!» እያሉ አለፉት።

ከቀትር በፊት ሦስት ጊዜ እልል ተባለ፤ ሴት ናት። እናቲቱም ደህና ናት። ይርዳው እፎይ አለ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያቺ የተወለደችው የእናቴ እናት ናት፤ ነገሩን እንዳየሁት የማወራችሁም ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በደንጎራ አዲስ ነገር የሚቃወም ሰው አስቀድሞ «ቸኮልነት አይሁንብኝና» ይላል። ሳይል የጀመረ እንደሆነ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ተነሥቶ እጅ ይነሣና «ባላምባራስ፣ እንደምን ዋሉ?» ይለዋል። ሽማግሌ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም።

አምና የቧንቧ ውሃ ይግባ ሲባል እኔም «ምንጩ ምን አነሰው? አባቶቻችን ከምንጭ ጠጥተው...» ብዬ ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እስከ መሬት ጎንበስ አለችልኝ። አፏን ሳትከፍት ዶማዬን አንሥቼ ቦይ ልቆፍር ወጣሁ።