ዳንቴል የለበሰው ቫኪዩም

ወይዘሮ አመለወርቅ አንድ ዕቃ ከገዙ ሰፈሩ ሳይሰማ አያድርም። አቧራ የሚመጥ ቫኪዩም ሊገዙ የሄዱ ዕለትም ሠራተኛቸውን ለሸክም አስከትለው ሱቁን አተራመሱት። የምንጣፉ ብሩሽ፣ የሶፋው፣ የመጋረጃው፣ የጥጋጥጉ፣ አንድም ሳይቀር ተገዛ። ሠራተኛዋ አፏ አያርፍምና፣ «እትዬ፣ ገመዱ ረዘም ያለው አይሻልም?» ብትል፣ «አንቺ የምታውቂው መጥረጊያ ነው፤ ዝም በይ!» አሏት።

ቤት ሲደርስ ግን ቫኪዩሙ ከነላስቲኩ ቡፌው ላይ ተቀመጠና ዳንቴል ለበሰ። «እንግዳ ይየው እንጂ ማንም እንዳይነካው!» ተባለ። ሠራተኛዋም ወደዚያችው መጥረጊያዋ ተመለሰች።

እሑድ የማኅበሩ ሴቶች ሲሰበሰቡ ወይዘሮዋ፣ «ይኼ እኮ ብናኝ የሚባል አያስቀርም!» እያሉ ዳንቴሉን ገለጥ ቢያደርጉት፣ ላስቲኩ ላይ በጣት የሚያስጽፍ አቧራ ተኝቷል። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። የወይዘሮዋ ደም ፈላ።

«ነይ አንቺ! በይ ለእንግዶቼ ተናገሪ፤ እኔ ዕቃ መምረጥ አላውቅም ወይስ አንቺ ሰነፍ ነሽ? ከሁለት አንዱን!»

የፊተኛውን ብትል ድፍረት ነው፤ የኋለኛውን ብትል ስንብት ነው። ሠራተኛዋ እጇን አጣምራ አንገቷን ደፋች።

«ኧረ እትዬ፣ ሁለታችንም ጥፋት የለብንም» አለች። «አቧራውን ከሳሎን እስከ ጓዳ በመጥረጊያ ሳሳድደው፣ ማንም እንዳይነካው የተባለ ቦታ አይቶ ሮጦ ገባ። ደብር ገብቶ የተማጸነን ደግሞ እኔ ማን ነኝና ጎትቼ አወጣለሁ?»